ቀመሩን የጻፈው ማን ነው?



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጽሑፍ የምንጽፍላችሁ ሦስት ነን። ሦስታችንም የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነን፤ በአካዳሚክ ዘርፉ ሥር የፍሬሽማን ቱቶሪያል የሙከራ ፈተና ውጤት የሚያሰላውን ፕሮግራም የያዝነው እኛ ነን። ባለፈው ሴሚስተር በፊዚክስ ውጤት ላይ ስሕተት እንደነበር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በማስታወቂያው ላይ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ተብሎ ታልፏል። የቴክኒክ ችግር ግን ከሰማይ አይወርድም፤ የሠራው ሰው አለ። የሠራነው እኛ ነን። ምን እንዳደረግን በግልጽ ብንነግራችሁ ለኛም ይቀለናል፣ ኮድ ለምትጽፉትም ትምህርት ይሆናል ብለን ተስማማን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቱቶሪያሉ ላይ እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የራሱ አስተባባሪ አለው። አስተባባሪዎቹም የሙከራ ፈተናውን በየራሳቸው መንገድ ነው የሚያርሙት። የማትሱ ኩዊዝ ከ10፣ ፋይናሉ ከ50 ነበር። የፊዚክሱ ኩዊዝ ከ20፣ ፋይናሉ ከ40። የኬሚስትሪው ደግሞ አሳይንመንትም ነበረው። ይህ ሁሉ ወደ 100 መቀየር አለበት። ከ60 በታች ያመጡ ተማሪዎች ቅዳሜና እሁድ ለተጨማሪ ክላስ ይጠራሉ። ስለዚህ የምትለጠፈው ቁጥር እንዲሁ ቁጥር ብቻ አይደለችም፤ ማን እገዛ እንደሚያገኝ የምትወስነው እሷ ናት።

ከኛ በፊት የተመረቁ ወንድሞች በፐርል ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ትተውልን ነበር። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ፋንክሽን አለው። አንድ አስተባባሪ ቀመሩን በቀየረ ቁጥር ከኛ አንዱ ኮዱን ከፍቶ ማስተካከል ነበረበት። ይህ ሰለቸን። ትንሽም መራቀቅ አማረን። «አስተባባሪዎቹ ቀመሩን ራሳቸው በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይጻፉት፤ ፕሮግራሙ ያንን አንብቦ ፋንክሽኑን ራሱ ይፍጠር» አልን።

ኮድ ለማትጽፉ አንባቢዎቻችን ትንሽ እናብራራ። ፕሮግራም ውስጥ ስትሪንግ የሚባለው የተደረደረ ፊደል ነው፤ ስም፣ አድራሻ፣ መልእክት ሊሆን ይችላል። «ኩዊዝ ሲደመር ፋይናል» የሚል ስትሪንግ ለኮምፒውተሩ ብትሰጡት ያስቀምጠዋል እንጂ አይደምረውም። እንደ ፐርል፣ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ያሉ የስክሪፕት ቋንቋዎች ግን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ አንድን ስትሪንግ አንስቶ «ይህ ከአሁን ጀምሮ ትእዛዝ ነው፤ ፈጽመው» የሚል መሣሪያ አላቸው። በፐርል ኢቫል ይባላል። ፓይተን ላይ ኢቫልም ኤግዜክም አለ። ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ ጆን ማካርቲ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ያፈለቁት የሊስፕ ቋንቋ ልቡ ኢቫል ነበር።

ያደረግነውም ይህንኑ ነው። ቀመሩን ከፋይሉ እናነባለን። ከፊቱ ፋንክሽን የሚከፍተውን ቃልና ቅንፍ፣ ከኋላው የሚዘጋውን ቅንፍ እንለጥፋለን። ሙሉውን ስትሪንግ ለኢቫል እንሰጠዋለን፤ እሱም ኮድ አድርጎ ያዘጋጅና አዲሱን ፋንክሽን በአንድ ቫሪያብል ውስጥ ያስቀምጥልናል። ከዚያ የእያንዳንዱን ተማሪ ኩዊዝና ፋይናል ለፋንክሽኑ ስንሰጠው ከ100 ያለውን ይመልሳል።

መጀመሪያ የሠራ ዕለት የተሰማንን ደስታ አንደብቅም። ዒሻ ሰግደን ላይብረሪ ገብተን ነበር። የማትሱ አስተባባሪ በስልክ የላከልንን አንድ መስመር ፋይሉ ላይ ገለበጥነው፤ ወዲያው የሁሉም ተማሪ ውጤት ተሰልቶ ወጣ። ኮዳችን ከአራት ገጽ ወደ አንድ ገጽ ወረደ። ለሌሎች ጓደኞቻችንም እየጠራን አሳየን። ያን ቀን አንድም ሰው «ቀመሩ ቢበላሽስ?» ብሎ አልጠየቀንም። እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

ውጤቱ ተለጠፈ። ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ አንዲት የፍሬሽማን እህታችን የታረመ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ኩዊዙ ላይ 2 ብቻ ነው ያመጣሁት፣ እሺ። ፋይናሉ ግን 30 ከ40 ነው። እንዴት ነው 52 የሚሆነው?» አለችን። የፊዚክሱ ቀመር ቀላል ነው፤ ኩዊዙ እንዳለ ይያዛል፣ ፋይናሉ በ2 ይባዛል። 2 እና 60፣ 62 ነው። ስልካችን ላይ ደጋግመን አሰላነው፤ 62 ነው። የተለጠፈው 52 ነው። ሁለት ቅዳሜ «ደካሞች» ከሚባሉት ጋር ተጨማሪ ክላስ ተቀምጣለች።

ኮዱን ከፍተን እስከ መግሪብ ፈለግን። ያገኘነው የአንድ ቅንፍ ጉድለት ነበር። የፊዚክሱ አስተባባሪ ቀመሩን ሲጽፍ ፋይናልን በ2 የሚያባዛውን ክፍል በቅንፍ ከፍቶ መዝጋቱን ረስቷል። ጥፋቱ ግን የሱ አይደለም። ቅንፍ ሁሉም ሰው ይረሳል። ችግሩ እኛ ቅንፍ የረሳ ሰው እንዳለ የምናውቅበት መንገድ አለማበጀታችን ነው።

እዚህ ላይ ኢቫል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በፐርል ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ቅንፍ ቢጎድል ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሳም፤ ስሕተቱ ከነመስመሩ ይነገራችኋል። ለኢቫል በተሰጠ ስትሪንግ ውስጥ ቅንፍ ቢጎድል ግን ፕሮግራሙ አይቆምም። ኢቫል የስሕተቱን መልእክት የዶላርና የአት ምልክት ባላት አንዲት ልዩ ቫሪያብል ውስጥ በጸጥታ ያስቀምጥና ሥራው ይቀጥላል። መልእክቱን ማየት የናንተ ፈንታ ነው። እኛ አላየናትም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፋንክሽኑ ስለሌለ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ይወድቅ ነበር። እኛ ግን ሌላም ስሕተት ሠርተናል። አዲሱን ፋንክሽን የምናስቀምጥበትን ቫሪያብል ከሉፑ ውጭ ነበር ያወጅነው፤ ፋንክሽኑን እዚያ የሚያስቀምጠው መስመር ደግሞ ራሱ በስትሪንጉ ውስጥ ነበር። ስትሪንጉ ሲበላሽ ማስቀመጡም አልተፈጸመም። ቫሪያብሉ ውስጥ የነበረው ከፊዚክስ በፊት የመጣው የማትስ ፋንክሽን ነው። የፊዚክስ ተማሪዎች ሁሉ ውጤት በማትስ ቀመር ተሰላ፤ ማለትም ኩዊዙ በ2፣ ፋይናሉ በ1.6 ተባዛ። ለእህታችን 4 እና 48፣ 52 የወጣው በዚህ ነው። ቀጥሎ የመጣው የኬሚስትሪ ቀመር ደኅና ስለነበር እሱ በትክክል ተሰላ።

የሚያሳዝነው ቁጥሮቹ ስሕተት አለመምሰላቸው ነው። ኩዊዙንም ፋይናሉንም ሙሉ ያገኘ ተማሪ ቢኖር ኖሮ 104 ከ100 ወጥቶ ያስደነግጠን ነበር። ሙሉ ያገኘ አልነበረም። 52ም 68ም እውነተኛ ውጤት ይመስላል።

ቁጥሮቹን እንደገና ስናሰላ ከ60 በላይ ሆነው ሳለ ተጨማሪ ክላስ የተጠሩ ተማሪዎች አገኘን። ከዚያ የከፋው ግን ሌላው ወገን ነበር። አንድ ወንድማችን ኩዊዙን 18፣ ፋይናሉን 20 አምጥቷል። ትክክለኛው ውጤቱ 58 ነው። እኛ የለጠፍንለት 68 ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ክላስ አልተጠራም። ዶርሙ ድረስ ሄደን ነገርነው። ሚድ ፈተናው ከተሰጠ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ዝም ብሎ ሰማንና «68 ስላላችሁኝ ፊዚክሱን ትቼ ማትሱ ላይ ነበርኩ» አለ። አልተቆጣም። ሻይ ጋበዘን። ቢቆጣን ይሻለን ነበር።

ያንኑ ሳምንት ኮዱን አስተካከልን። ከእያንዳንዱ ኢቫል በኋላ የስሕተት መልእክቱን ማየት፣ መልእክት ካለ የትምህርቱን ስም ጠርቶ ማቆም፣ ቫሪያብሉን በየዙሩ አዲስ አድርጎ ማወጅ። ሦስት መስመር ነው። ጨረስን ብለን ለአካዳሚክ ዘርፉ ሹራ አቀረብን።

በሹራው ላይ አንዲት የሁለተኛ ዓመት እህታችን እጇን አወጣች። «የቀመሩን ፋይል መጻፍ የሚችለው ማን ነው?» ስትል ጠየቀች። አስተባባሪዎቹ ሁሉ፣ ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ አልናት። «እንግዲያው አንዴ ልሞክረው?» አለች። ላፕቶፑን ሰጠናት። የፊዚክሱን ቀመር ሳትነካ ከፊቱ አንድ ትእዛዝና ሴሚኮለን ጨመረች። ፕሮግራሙን አስነሳነው። የሁሉም ውጤት በትክክል ወጣ፤ ስሕተት የለም፤ መልእክት የለም። «አሁን ፎልደሩን እዩት» አለች። የተመዝጋቢዎቹ ሙሉ ዝርዝር፣ ስምና ስልክ ቁጥር፣ የእህቶችም ጭምር፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ፎልደር ውስጥ ተገልብጦ ተቀምጧል። ወዲያው ሰረዘችው።

ዝም አልን። ተማሪዎቹ ስልካቸውን የሰጡን በአማና ነው። እኛ ደግሞ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርመን፣ ማኅተም አድርገን፣ ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ሰጥተናል። የሠራነው ማስተካከያ የተበላሸ ቀመርን ይይዛል። የሷ ቀመር ግን አልተበላሸም፤ ቅንፉ ሙሉ ነው፣ ሰዋስዉ ትክክል ነው። ኢቫል ስትሪንጉ በትክክል መጻፉን እንጂ ማን እንደጻፈውና ለምን እንደጻፈው አይጠይቅም። የሚፈጽመውም በፕሮግራሙ ባለቤት ሥልጣን ነው፤ እኛ ማየት የምንችለውን ሁሉ ያያል፣ መሰረዝ የምንችለውን ሁሉ ይሰርዛል።

ይህ የተማሪ ስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ትእዛዝ የምንጽፍበት ባሽ የሚባል ፕሮግራም አለ። ባሽ አንድን ፋንክሽን ለሌላ ባሽ ማስተላለፍ ሲፈልግ ፋንክሽኑን ወደ ስትሪንግ ቀይሮ በአካባቢ ቫሪያብል ውስጥ ያኖረዋል። ሁለተኛው ባሽ ሲነሳ ስትሪንጉ እንደ ፋንክሽን መጀመሩን አይቶ መልሶ ወደ ኮድ ይቀይረዋል። ፋንክሽኑ በቅንፍ ሲዘጋ ማንበቡን ማቆም ነበረበት። አላቆመም፤ ከቅንፉ በኋላ የተጻፈውንም ትእዛዝ ይፈጽም ነበር። በዚያ ላይ ብዙ የድረ ገጽ ሰርቨሮች ከጎብኚው የሚመጣውን መረጃ በአካባቢ ቫሪያብል አድርገው ለፕሮግራሞቻቸው ያስተላልፋሉ። ስለዚህ በሩቅ ያለ የማይታወቅ ሰው አንዲት መስመር በመላክ ብቻ ሰርቨሩን ማዘዝ ይችል ነበር።

ጉድለቱን ያገኘው ስቴፋን ሻዜላስ ነው። ለሕዝብ ይፋ የሆነው ሴፕቴምበር 24 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ በኛ አቆጣጠር መስከረም 14 ቀን 2007 ነበር። ሼልሾክ የሚል ስም ወጣለት። በአደጋ መለኪያው ከ10 10 ተሰጠው። መጀመሪያ የወጣው ማስተካከያ ራሱ ጎዶሎ ሆኖ ሌሎች ማስተካከያዎች መከተል ነበረባቸው። የሚገርመው ጉድለቱ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው የነበረ መሆኑ ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ የዓለም ሰርቨሮች ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጸሐፊዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ባሽ ሲጻፍ ያ ስትሪንግ ይመጣል ተብሎ የታሰበው ከራሱ ከባሽ ነበር። ኋላ ድር መጣና ስትሪንጉን የሚጽፈው ሰው ተለወጠ። ኮዱ ግን ያንኑ እምነቱን ይዞ ቀረ።

የኛም ታሪክ ይኸው ነው። መጀመሪያ ቀመሩን የምንጽፈው እኛ ነበርን። ከዚያ አስተባባሪዎቹ ሆኑ። ከዚያ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ሆነ። በየደረጃው ኮዱ አንድ ነው፤ የተለወጠው ጸሐፊው ነው።

ታዲያ አሁን ምን አደረግን? መጀመሪያ የመጡትን ቀመሮች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን አየናቸው። ከአንዱ በቀር ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዱ ውጤት በአንድ ቁጥር ይባዛል፣ ከዚያ ይደመራል። የሚለያዩት በቁጥሮቹ ብቻ ነው። ለዚህ ኢቫል ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው።

ፐርል ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ከአምስተኛው እትሙ ወዲህ፣ ለዚህ የሚሆን ንጹሕ መንገድ አለው። ክሎዠር ይባላል፤ ፓይተንና ጃቫስክሪፕትም አላቸው። ፋንክሽን የሚሠራ ፋንክሽን ትጽፋላችሁ። 1 እና 2 ስትሰጡት እነዚያን ቁጥሮች የሚያስታውስ የፊዚክስ ፋንክሽን ይመልስላችኋል። 2 እና 1.6 ስትሰጡት የማትሱን ይመልሳል። ፋንክሽኑ አሁንም የሚፈጠረው ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ነው፤ ኮዱ ግን አስቀድሞ በኛ ተጽፎ ያለቀ ነው። ከውጭ የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ሰው በቁጥሩ ቦታ ትእዛዝ ቢጽፍ «ይህ ቁጥር አይደለም» ተብሎ ይመለሳል።

የቀረው አንድ ቀመር «ከሦስት ኩዊዝ የተሻሉት ሁለቱ ይያዙ» የሚል ነበር። ይህንን እኛ ራሳችን ፋንክሽን አድርገን ጻፍነውና ስም ሰጠነው። ፕሮግራሙ ውስጥ የተፈቀዱ ስሞች ሰንጠረዥ አለ። አስተባባሪው ፋይሉ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ሰንጠረዡ ላይ ይፈልገዋል፤ ከሌለ ይቆማል። የቀመሩን ፋይል የመጻፍ ፈቃድም ከአስተባባሪዎቹ ውጭ ለማንም አይሰጥም። የስልክ ዝርዝሩም ከዚያ ኮምፒውተር ወጥቷል፤ ውጤት ለማስላት ስልክ ቁጥር አያስፈልግምና።

ይህን ስንል ከስትሪንግ ኮድ መፍጠር ሁልጊዜ ጥፋት ነው እያልን አይደለም። የፓይተን ባለቤቶች ራሳቸው ይጠቀሙበታል። በ2018 እ.ኤ.አ. ከፓይተን 3.7 ጋር የመጣው ዳታክላስ የሚባለው መሣሪያ የመስኮቹን ስም ስትሰጡት የማስጀመሪያውን ፋንክሽን ጽሑፍ ራሱ አቀናብሮ ለኤግዜክ ይሰጠዋል። ኔምድታፕልም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ልዩነቱ ጥንቃቄው ላይ ነው። ኔምድታፕል አንድን ስም ወደ ጽሑፉ ከማስገባቱ በፊት በትክክል የቫሪያብል ስም መሆን የሚችል መሆኑን፣ ቋንቋው ለራሱ የያዘው ቃል አለመሆኑን ይፈትሻል። ቴምፕሌቱን የጻፉት እነሱ ናቸው፤ ከውጭ የሚገባው የተፈተሸ ስም ብቻ ነው።

ስለዚህ ግድ ሆኖባችሁ ይህን መንገድ የምትጠቀሙ ወንድሞችና እህቶች አራት ነገር እንድትይዙልን እንለምናለን። አንደኛ፣ ስትሪንጉን የሚጽፈው ማን እንደሆነ በስም ጥሩ፤ መጥራት ካልቻላችሁ አትጠቀሙበት። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚገባውን ነገር በተፈቀደው ዝርዝር ፈትሹ፤ የተከለከለውን ቆጥራችሁ አትጨርሱትም፣ የተፈቀደው ግን ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ከኢቫል በኋላ ስሕተት መኖሩን ሳታዩ አንድ መስመር እንኳ አትለፉ፤ አሮጌው ፋንክሽን በቦታው እንዳይቀርም አረጋግጡ። አራተኛ፣ ለሚፈጠረው ኮድ የፋይሉንና የመስመሩን ስም ስጡት። ፐርል በስትሪንጉ መጀመሪያ ላይ በምትጻፍ አንዲት የመስመር ምልክት ይህን ይቀበላል። ያለዚያ የስሕተቱ መልእክት «ኢቫል 7፣ መስመር 1» ይላችኋል፤ ሰባተኛው የማን ቀመር እንደሆነ ፈልጋችሁ ማግኘት የናንተ ሥራ ይሆናል።

ለእህታችን ትክክለኛውን ውጤቷን በስሟ ለጠፍንላት፤ በሌሎቹም ላይ የተሳሳተውን እንዲሁ አረምን። ለወንድማችን ያለፈውን ሚድ መመለስ አንችልም። ከኛ አንዱ በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ፊዚክስ አብሮት ያጠናል፤ እስከ ፋይናል ይቀጥላል፣ ኢንሻአላህ። ያቺ የሁለተኛ ዓመት እህታችን ደግሞ ፕሮግራሙን ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እንድትረከበን ጠይቀናት እሺ ብላለች፣ አልሐምዱሊላህ። የምናስረክባት ኮድ እንደገና ወደ አራት ገጽ አድጓል። ረዥም ነው፤ ግን እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው እናውቃለን።

በፊዚክስ ቱቶሪያል ላይ የነበራችሁ ሁሉ፣ አፉ በሉን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።